ሽኝት እስከ ቬንቶቴኔ

በጋዜጠኝነት ሥራ ብዙ ቦታ ተልኬአለሁ። ቬንቶቴኔ ወደምትባል የጣሊያን ደሴት ግን ማንም አልላከኝም። «ሄድኩ» ለማለትም ይከብደኛል፤ ሰው ልሸኝ ከቤት ወጥቼ እዚያ ተገኘሁ ብል ለእውነቱ ይቀርባል። ይህን ሰምቶ የሚስቅብኝ አንባቢ ካለ፣ መጀመሪያ ቦሌ አየር ማረፊያ በር ላይ ጥቂት ይቁምና ለአንድ መንገደኛ ስንት ሸኚ እንደሚወጣ ይመልከት።

እኛ ሐበሾች ሮም ስንገባ አለባበሳችንንም አነጋገራችንንም ቀስ በቀስ ቀያየርን፤ የሸኚነት አመላችንን ግን አንድም ሳንቀንስለት ይዘነው ቆየን። ሚላኖ ደርሶ ለሚመለስ ሰው ተርሚኒ ጣቢያ ድረስ ተሰልፈን እንወጣ ነበር። ቦርሳውን የሚሸከመው አንድ ሰው ነው፤ የቀረነው የምንሄደው ለመሳም ነው። ጣሊያኖቹ ብቻቸውን መጥተው፣ ብቻቸውን ተሳፍረው፣ ጋዜጣ ገልጠው ሲቀመጡ ሳይ፣ መጀመሪያ ሰሞን ከዘመድ ሁሉ የተጣሉ ይመስሉኝ ነበር። አሁን አሁን እኛም እነሱን መስለናል። ልጆቻችን «ደርሻለሁ» ብለው በስልክ ይጽፉልናል፤ መሄዳቸውን የምናውቀው ከደረሱ በኋላ ነው።

ነገሩ የሆነው የጣሊያን ገንዘብ ሊሬ ገና በሕይወት ሳለ፣ ሞባይል ያለው ሰው ደግሞ መንገድ ላይ ሆን ብሎ ጮክ ብሎ በሚያወራበት ዘመን ነው።

ተሸኚዋ ዘነበች ነበረች። ፓሪዮሊ ሰፈር አንዲት አሮጊት ሲኞራ ታስታምማለች፤ የምታድረውም እዚያው ነው። እረፍቷ እንደ ብዙዎቹ የቤት ሠራተኞች ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነው። ልጇን ቤዛን አራት ዓመት ሳይሞላት አዲስ አበባ፣ እህቷ ዘንድ ትታት ነው የመጣችው። ወረቀቱ ተሟልቶ ልጅቷ ሮም ስትገባ ስምንት ዓመት ሆኗት ነበር። በሲኞራዋ ቤት ልጅ ይዞ ማደር ስለማይቻል ቤዛ ያረፈችው እትዬ ብርቄ ቤት ነው። እትዬ ብርቄ ከሁላችንም ቀድመው ሮም የገቡ፣ ያላሳደሩት፣ ሥራ ያላስገቡትና ያልገሠጹት ሐበሻ የለም የሚባልላቸው ሴት ነበሩ።

ዘነበች ሐሙስ ሐሙስ ልጇን ልታይ ስትመጣ ቤዛ ብድግ ብላ ወንበር ትለቅላታለች። ብርቱካን ልጣ ብትሰጣት «እግዜር ይስጥልኝ» ትላታለች፤ ልክ ጎረቤት እንዳጎረሳት። እማዬ ብላ ጠርታት አታውቅም። የምትፈልገው ነገር ካለ ፊቷ ሄዳ ትቆማለች እንጂ አትጣራም።

«እንደ እንግዳ ነው እኮ የምታስተናግደኝ» አለችኝ አንድ ቀን ዘነበች። እየሳቀች ነበር የጀመረችው፤ ሳቋ ግን እስከ ንግግሯ መጨረሻ አልደረሰላትም።

መላ ያመጡት ሲኞራዋ ናቸው። ጣሊያን ሁሉ ሥራውን ጥሎ ባሕር በሚወርድበት በነሐሴው በዓል፣ በፌራጎስቶ፣ ልጃቸው መጥቶ አብሯቸው ሊሰነብት ስለሆነ ለዘነበች ሦስት ቀን ሰጧት። «ቬንቶቴኔ ውሰጃት» አሏት። «ትንሽ ደሴት ናት፤ መኪና አይበዛባትም፤ ልጅ አይጠፋባትም። ሁለት ሰዎች ብቻቸውን እዚያ ከሄዱ ከመነጋገር ሌላ ምርጫ የላቸውም። እኔና ባለቤቴ የታረቅነው እዚያ ነው።»

ሁለት ሰዎች ብቻቸውን። አንባቢ ይህችን ልብ ይበልልኝ።

በፌራጎስቶ ዋዜማ ጠዋት ተርሚኒ የተገኘነው ሸኚዎች ሦስት ነበርን፤ እትዬ ብርቄ፣ ጋሽ ተፈራና እኔ። ጋሽ ተፈራ ከአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ጡረታ የወጡ የአፈር ባለሙያ ናቸው። በሁለት ነገር የሚስተካከላቸው አልነበረም፤ በአፈርና በምርቃት። እኔ የዚያን ቀን የማስረክበው ጽሑፍ ስለነበረኝ ከሽኝቱ በቀጥታ ወደ ሥራ ልሄድ ሙሉ ልብስ ከነክራቫቴ ለብሻለሁ። ዘነበችና ቤዛ አንድ ሻንጣ ይዘዋል። እትዬ ብርቄ ደግሞ ለሁለቱ ስንቅ ብለው የቋጠሩት ዳቦ፣ በሶና ቆሎ ከሻንጣው ይከብዳል። ፌራጎስቶ ሁልጊዜ የሚውለው በጾመ ፍልሰታ መካከል ነው፤ ጣሊያን ከዓመት ዓመት አብልጦ የሚበላበት ቀን እኛ የምንጾምበት ነው። ፍልሰታ ደግሞ የልጆች ጾም ስለሆነች ቤዛም ጾመኛ ነበረች፤ ያውም ከሁላችን የጠበቀች።

እትዬ ብርቄ ዕቃን ራሳቸው ካላስቀመጡት የተቀመጠ አይመስላቸውም። ስንቁን ይዘው ባቡሩ ላይ ወጡ። ሴትየዋ ብቻቸውን ሊሸከሙ ነው ብዬ እኔ ተከተልኩ። ሁላችንም ወጥተን እሳቸው ታች መቅረታቸው ነውር የሆነባቸው ጋሽ ተፈራ ተከተሉ። ከዚያ መሳሳም ተጀመረ። እኛ ስንሳሳም ደግሞ ጉንጭ ለጉንጭ አንዴ ብቻ አይደለም፤ ተሳስመን ጨርሰን የረሳነው ጥያቄ ካለ እንደገና እንጀምራለን። በመካከሉ አንድ ነገር ከበስተኋላዬ ጠቅ አለ።

«ሄደ እንዴ?» አሉ ጋሽ ተፈራ በመስኮት እያዩ።

«ባቡር ነውና» አልኩ።

«አሎራ፣ እንግዲህ ላቲና ጣቢያ እንወርዳለን» አሉ እትዬ ብርቄ፤ ተቀመጡ፣ ቤዛንም እግራቸው ሥር አስቀመጡና ፀጉሯን ይፈቱ ጀመር። «ይቺ ልጅ በዚህ ፀጉር ነው ባሕር የምትገባው?»

ባቡሩ ላቲና ሲደርስ ሹሩባው ግማሽ ላይ ነበር። የተጀመረ ሹሩባ ጥሎ የሚወርድ ሰው አላውቅም። ከላቲና በኋላ ደግሞ ወሬው ሞቀ፤ ከዚያ በኋላ ስለ መውረድ የተናገረ ሰው አልነበረም። ዘነበች መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ፈገግ ትላለች። ብዙ ሰው ሳነጋግር የኖርኩ ነኝና እንዲህ ዓይነቱን ፈገግታ አውቀዋለሁ፤ ከንፈር ይስቃል፣ ዓይን ግን ሌላ ሥራ ላይ ነው።

መርከቡ የሚነሣባት ፎርሚያ ስንደርስ «ከመጣን አይቀር መርከቡን ሳናይ ብንመለስ ሰው ምን ይለናል?» አሉ ጋሽ ተፈራ። ወደቡ በሰው ተሞልቷል። ሕፃን በጋሪ፣ ውሻ በገመድ፣ ጥላ በብብት። የመርከቡ መሰላል አፍ ላይ ቲኬት የሚያየው ሰውዬ እጁን ዘረጋ።

«ተጓዦቹ እነዚህ ሁለቱ ናቸው» አልኩት። «እኛ ሸኚዎች ነን።»

ሸኚ የሚባል የመንገደኛ ዓይነት ሰምቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ከኋላችን ያለው ሰልፍ ሲገፋው ጊዜ እጁን አወዛወዘልን፤ ገባን። ሻንጣውን አስቀመጥን። ስንቁን እትዬ ብርቄ አስቀመጡ፣ አነሡና ሌላ ቦታ አስቀመጡ። ተሳሳምን። ይሄኔ ወርደን ቢሆን ኖሮ ይህ ወግ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር።

ግን ሳይመረቅ የሚሄድ መንገደኛ የለም። ጋሽ ተፈራ ባርኔጣቸውን አውልቀው እጃቸውን ዘረጉ።

«የሄዳችሁበትን ይቅናላችሁ።»

«አሜን» አልን አንገታችንን ደፍተን።

«ባሕሩን ጸጥ፣ ነፋሱን ቀስ ያድርግላችሁ። ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ ጎረቤት፣ ከክፉ ውሃ ይሰውራችሁ።»

«አሜን።»

እዚህ ላይ ለዛሬ ዘመን አንባቢ አንድ ነገር ላስረዳ። የሚመርቅ ሽማግሌ አይቋረጥም። ቤት ቢቃጠል እንኳ መጀመሪያ አሜን ተብሎ ነው ውሃ የሚፈለገው። ጋሽ ተፈራ ከባሕሩ ወደ ሲኞራዋ ጤና ተሻገሩ፤ ከሲኞራዋ ወደ ዘነበች የመኖሪያ ፈቃድ፣ ወደ ፔርሜሶዋ እድሳት፤ ከፔርሜሶው ወደ ቤዛ ትምህርት፤ ከዚያ ለምን እንደሆነ ባላውቅም አገር ቤት ወዳለው የሰብል ሁኔታ። እግሬ ሥር ያለው ብረት ሲንቀጠቀጥ ተሰምቶኛል። ከባድ ነገር ሲንኳኳም ሰምቻለሁ። ቀና ማለት ግን ነውር ነው። «ለዓለም መሬት ሁሉ ፍሬያማነትን ይስጥልን» ብለው ሲጨርሱ «አሜን» ብለን ቀና አልን። ፎርሚያ ከነቤቶቿ ወደ ኋላዋ እየሄደች ነበር።

ጋሽ ተፈራ ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉ።

«በዋና ይመለሳል?» አሉ እትዬ ብርቄ።

«አይመለስም» አልኩ።

«እሳት ላይ የተውኩት ድስት የለም» አሉ ትንሽ አሰብ አድርገው። «ቫ ቤኔ፣ ይሁን።»

ያልደነገጠችው ቤዛ ብቻ ነበረች። እንዲያውም አንድ ሲያስቸግራት የኖረ ሒሳብ እንደወጣላት ልጅ ሦስታችንን በየተራ ታየን ነበር። ያን ጊዜ አልገባኝም።

ደሴቲቱ ላይ ወርደን የመጀመሪያ ሥራችን መመለሻ መፈለግ ሆነ። የቲኬት ቤቷ ሴት የዚያን ቀን መርከብ ሞልቷል፣ ቦታ የሚገኘው በማግስቱ ከሰዓት ነው አለችን። ዘነበች የያዘችው ክፍል አንድ ሰፊ አልጋ ያለው ነው። ባለቤቲቱ ለሴቶቹ ክፍሉን፣ ለወንዶቹ ሰገነቱን ሰጠችን።

«ምን ችግር አለው» አለች ዘነበች። «አብረን እንሆናለን።»

ሰው ይህን ቃል እንዴት አድርጎ በትሕትና እንደሚናገረው አየሁ። ዓመታት የጠበቀቻቸው ሦስት ቀናት ነበሯት፤ ከነሱ ላይ አንዱን ቀን ተኩል እኛ በፍቅር ወሰድንባት።

አለቃዬ ዘንድ ልደውል ወደቡ አጠገብ ካለ የስልክ ሳጥን ገባሁ። እሱ ሮም ለሐበሾች በየወሩ የምናወጣውን ትንሽ ጋዜጣ የሚያዘጋጅ ሰው ነው።

«የት ነህ?»

«ቬንቶቴኔ።»

«እሱ ደግሞ የት ነው?»

«ባሕር መሐል።»

«ምን ልትሠራ?»

«ሰው ልሸኝ።»

ጣሊያን ቢሆን ኖሮ ሐኪም ይጠራልኝ ነበር። አለቃዬ ግን «ማንን ነው?» አለኝ። ዘነበችን መሆኑን ስነግረው ቅር አለው። «ታዲያ ለእኔ የማትነግሩኝ ለምንድን ነው? እኔ አልሸኛትም?» ቅሬታውን ከጨረሰ በኋላ «በል እንግዲህ» አለኝ፤ «ያንን ጽሑፍ ተወውና ቤተሰብ ይዞ እዚያ የሚሄድ ሰው ምን ምን ማድረግ እንደሚችል ጻፍልኝ። ሕዝባችን ፌራጎስቶን መጋረጃ ዘግቶ ነው የሚያሳልፈው። ራስህ ያልሞከርከውን ግን እንዳትጽፍ።»

ይህ ትእዛዝ ጥሩ ሐሳብ ሰጠኝ። ሥራ ነው ብዬ ሽማግሌዎቹን ደሴቲቱን እያዞርኩ ባሳይ፣ እናትና ልጅ ብቻቸውን ይቀራሉ። በሥራ ዘመኔ እንዲህ በአንድ ድንጋይ ሁለት የምመታበት ዕቅድ አጋጥሞኝ አያውቅም። ዕቅዱ አንድ ጉድለት ብቻ ነበረበት፤ ቤዛን አልጠየቅናትም።

«እንግዲህ እኛ የመርከብ መሪውን ፋና አይተን እንምጣ» ብዬ ሽማግሌዎቹን ይዤ ወጣሁ። ዞር ስል ቤዛ የእትዬ ብርቄን ነጠላ ጫፍ ይዛለች። ዘነበች ደግሞ ቤዛን ተከትላለች። አምስታችንም ፋናውን አየን። አምስታችንም ሮማውያን ዓሣ ያረቡበትን ከአለት የተፈለፈለ ገንዳ አየን። በአምስት ሰው ሰልፍ ጥቁሩ አሸዋ ዳር ወረድን፤ ጋሽ ተፈራ ተንበርክከው ቆንጠር አደረጉና በምላሳቸው ነካ አደረጉት።

«ጋሽ ተፈራ፣ ቅዳሴ ሳይወጣ?» አሉ እትዬ ብርቄ።

«አልዋጥኩትም» አሉ። «እሳተ ገሞራ ነው። ይህን አፈር ይዘው እነዚህ ሰዎች ለምን ዓሣ እንደሚያጠምዱ አይገባኝም።»

በደሴቲቱ ሰሜን ጫፍ የድሮ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ አለ። አስጎብኚዋ አንድ የሮማ ንጉሥ ሴት ልጁን ተቆጥቶ እዚህ እንዳጋዛት፣ እናቷም ማንም ሳያስገድዳት አብራት መጥታ እዚህ እንደኖረች ነገረችን። ለእትዬ ብርቄ ተረጎምኩላቸው።

«እናትየው ምን አጠፋች?» አሉ።

«ምንም። ከልጇ ላለመለየት ነው የመጣች።»

ፍርስራሹንም ባሕሩንም በየተራ ተመለከቱ። «ልትሸኛት መጥታ መርከቡ ይዟት ሄዶ ይሆናል» አሉ።

ጋሽ ተፈራ በሳቅ ተቀመጡ። ዘነበችም ሳቀች፤ የዚያን ቀን የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። ቤዛ ግን አልሳቀችም። አስጎብኚዋን ትኩር ብላ አይታ «ቆይቶ አወቀች ልጅየዋ?» ብላ ጠየቀችኝ። ምኑን እንደምትል ስላልገባኝ «ታሪኩ አይናገርም» አልኳት። እውነትም አይናገርም።

በዘጠኝ ሰዓት ጾም የሚገደፍበት ጉዳይ መጣ። በየምግብ ቤቱ ደጅ ዓሣ ይጠበሳል። እትዬ ብርቄ አፍንጫቸውን በነጠላ ይዘው ሲያልፉ አንዷ ባለምግብ ቤት ተቀይማ ነበር። ደግነቱ የቬንቶቴኔ ምስር ስሙ የታወቀ ነው። ያለ ሥጋ፣ ያለ አይብ፣ በዘይት ብቻ እንዲሠራልን ለማስረዳት የፈጀብን ጊዜ ምስሩ ሊበስል ይበቃው ነበር። ከዚያ ለልጅቷ አይስክሬም ልትገዛ ዘነበች ተነሣች።

«ወተት አለው» አለች ቤዛ።

«የሎሚ በረዶውስ?»

እትዬ ብርቄ ራሳቸው ሄደው ሻጩን መረመሩት። ወተት? የለም። ቅቤ? ሲኞራ፣ በበረዶ ውስጥ ምን ሊሠራ? እንቁላል? በእናቱ ስም ማለ። የሎሚው በረዶ ለጾመኛ መፈቀዱ ታወጀ። ዘነበች ጽዋውን ለልጇ ስትሰጣት ቤዛ በሁለት እጇ ተቀበለች።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ዘነበች ወደ ባሕሩ ዞረች።

የቀረኝ የመጨረሻ መሣሪያ ፔዳሎ ነበር፤ ብስክሌት እንደሚነዳው እየረገጡ የሚሄዱበት ጀልባ። የፊቱ ወንበር ሁለት ሰው ነው የሚይዘው። እናትና ልጅ ወጥተው ከዳር ትንሽ ፈቀቅ ካሉ ማንም ሊከተላቸው አይችልም። ጀልባውን ተከራየሁና አቀረብኩ። ቤዛ ጀልባውን አየች፣ እናቷን አየች፣ ወደ እትዬ ብርቄ ሸሸች።

«እርስዎ ይምጡ» አለቻቸው።

«እኔ በእግሬ ውሃ ላይ የምሄድ ማን ነኝ ልጄ?»

«እንግዲያው ጋሼ ይውሰዱኝ» አለች እኔን እያየች።

ዘነበች ለአፍታ እንደቆመች ቀረች። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ አሸዋው ላይ ተቀመጠች። «አንተ ውሰዳት» አለችኝ። «ደስ ይላታል።»

እኔም ሱሪዬን ጠቅልዬ፣ ክራቫቴን ትከሻዬ ላይ ጥዬ ጀልባ ረገጥኩ። ዳር ላይ የነበሩ ሰዎች ፎቶ አነሡን። በአንድ የማላውቀው ጣሊያን ቤት አልበም ውስጥ ዛሬም በሙሉ ልብስ ፔዳሎ ስረግጥ የምታይ ይመስለኛል።

ትንሽ ከራቅን በኋላ ቤዛ «ጋሼ፣ እርስዎ ልጅ አለዎት?» አለችኝ።

«የለኝም።»

«ጥሩ ነው።»

«ለምን?»

«ቢኖርዎት ዛሬ በር ላይ ሆኖ ይጠብቅዎት ነበር።»

ረገጥኩ። ጋዜጠኛ ዝም ማለት ያለበትን ጊዜ ካላወቀ ምንም አያውቅም።

«እሷ ስትሄድ» አለች ዳር ላይ ወደተቀመጠችው እናቷ በጣቷ ሳትጠቁም በአገጯ እያመለከተች፣ «ሰው ሸኝቼ መጣሁ ነው ያለችኝ። እኔ በር ላይ ቆየሁ። አክስቴ ግቢ ስትለኝ እምቢ አልኩ። ሲመሽ በግድ አስገባችኝ። በኋላ የሰፈር ልጆች ‹ዋሽታሽ ነው የሄደችው፣ ሰው የሚሸኝ ይመለሳል› አሉኝ።»

«እና?»

«እኔም ዋሽታኝ ነው ብዬ ነበር።» እግሯ ፔዳሉ ላይ አይደርስም፤ ግን እየሞከረች ነበር። «ዛሬ ሳይ ግን እናንተም ልትሸኙ መጥታችሁ መርከቡ ወሰዳችሁ። እትዬ ብርቄን የሚያህል ሰው ወሰደ። እሷ ደግሞ ያኔ ቀጭን ነበረች።»

ሙያዬ ስሕተት ማረም ነው። የቀን ስሕተት፣ የስም ስሕተት፣ የቦታ ስሕተት አይቼ ማለፍ አልችልም። ዘነበች ያን ቀን ቪዛዋን በጉያዋ ይዛ፣ ልጇ እንዳታለቅስባት ብላ እንደዚያ ብላት እንደወጣች ለመገመት ጋዜጠኛ መሆን አያስፈልግም፤ ከእኛ መካከል ብዙዎች የወጡት እንደዚያው ነው። ቤዛ መልስ እየጠበቀች ታየኛለች።

«አውሮፕላን ደግሞ ከመርከብ ይፈጥናል» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ሁለታችንም ወደ ዳር ረገጥን፤ ማለት እኔ ረገጥኩ።

ፀሐይ ልትገባ ስትል፣ ሽማግሌዎቹ ከቤዛ ጋር ድመት እያዩ ሳሉ ለዘነበች የወደቡ ግንብ ላይ ተቀምጠን ነገርኳት። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

«እውነቱን ልንገራት?» አለችኝ።

«አንቺ ታውቂያለሽ።»

«እነግራታለሁ። ስታድግ፣ ልትቆጣኝ ስትችል እነግራታለሁ። አሁን እኮ መቆጣት እንኳ ታፍረኛለች።» አፍንጫዋን ጠረገች። «እስከዚያ መርከቡ ይውሰደኝ።»

በማግስቱ ጠዋት ዘነበች ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ ቤዛ ተከተለቻት። አጠገቧ ሆና አይደለም፤ ራቅ ብላ፣ በየግድግዳው ጥግ እየቆመች። ዳቦ ቤቱ በር ላይ ጠበቀቻት። እናቷ ስትወጣ ቀድማ ሮጣ ተመለሰችና ምንም እንዳልሆነ ሰው ሰገነቱ ላይ ተቀመጠች። ባሕር ዳር ዘነበች ውሃ ውስጥ ስትገባ ቤዛ ጉልበቷ ድረስ ገባች፤ እናቷ ጠልቃ ስትገባ «ይበቃል» አለቻት። ዘነበች ወጣች። የተነጋገሩት ይህን ብቻ ነው። እትዬ ብርቄ «ይቺ ልጅ ዛሬ ምን ነካት?» አሉኝ፤ «ነፋሱ ይሆናል» አልኩ።

ከሰዓት የእኛ መርከብ መጣ። እነዚያ ሁለቱ ሽማግሌዎች ዛሬ የሉም፤ ያን ቀን ወደብ ላይ ሲጨቃጨቁ ግን እስከ ዛሬ ይሰሙኛል። ጋሽ ተፈራ አፈር በከረጢት ይዘዋል። እትዬ ብርቄ ምስር በማዳበሪያ ገዝተዋል፤ ያውም ማንሣት የማይችሉትን ያህል። እኔ ከረጢቱንና የጋሽ ተፈራን ኮት ይዣለሁ። ዘነበች ቆማ የማትመለከት ሴት ናት። ማዳበሪያውን ትከሻዋ ላይ አድርጋ መሰላሉን ወጣች፤ አስቀመጠችው፤ እትዬ ብርቄ «እዚያ አይደለም፣ እዚህ» አሏት፤ አነሣችው።

ተሳሳምን። ከዚያ ጋሽ ተፈራ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«የቀራችሁበትን ይባርክላችሁ» ብለው ጀመሩ። ዘነበች አንገቷን ደፋች። እኛም ደፋን።

«ያገናኛችሁ አምላክ...»

የልጅ እግር መሰላሉን ሲሮጥ ተሰማኝ። ቀና አልኩ፤ ነውሩን አላጣሁትም። ቤዛ የእናቷን ቀሚስ ከኋላ ይዛ ትጎትታለች።

«እማዬ፣ ውረጂ።»

ዘነበች አልተንቀሳቀሰችም። የሰማችውን እንዳታስደነግጠው የፈራች ትመስል ነበር።

«ውረጂ እማዬ። እሳቸው ሲጨርሱ ይሄዳል። እኔ አይቻለሁ። እነሱ ይሂዱ፣ አንቺ አትሸኚ።»

ጋሽ ተፈራ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። በሕይወታቸው ምርቃት አቋርጠው የሚያውቁ አይመስለኝም፤ በሰርግ ላይ ዝናብ ወርዶባቸው አልተቋረጡም። ልጅቷን አዩ፤ ዘነበችን አዩ።

«አሜን» አሉ። «ሂጂ ልጄ፣ ውረጂ።»

ቤዛ ከፊት እየጎተተች፣ ዘነበች እግሯን ሳታይ መሰላሉን ወረዱ። መሰላሉ ተነሣ። እትዬ ብርቄ የመርከቡን ዳር ይዘው ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ነበር፤ «ነፋሱ ነው» አሉኝ ሳልጠይቃቸው። ወደቡ ላይ የነበሩት ሸኚዎች ሁሉ፣ ጣሊያኖቹም ሳይቀሩ፣ እጃቸውን ያወዛውዙ ነበር። ዘነበች ብቻ አላወዛወዘችልንም። ሁለቱም እጆቿ ተይዘው ነበር።